በዳሌ የሚመራ ብስክሌት

ፌብሩዋሪ 26፣ ሰኞ

ሮመርት ዛሬም ወደቀ። ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ፣ ነፋስም ዝናብም በሌለበት፣ ከነብስክሌቱ የሂልቼ አጥር ላይ ተዘረጋ። ሂልቼ ጎረቤታችን ናት፤ አጥሯም ቁጥቋጦ ነው፣ ለዚያ ተመስገን። «ልከረክምልሽ ብዬ ነው» አላት አሉ። ቤት ሲገባ ለእኔ ምንም አልተነፈሰም። ዳቦው ግን ተጨፍልቆ ነበር።

ከገና በኋላ ግራ ጆሮው ውስጥ የገባው ሕመም ነው እንዲህ ያደረገው። ማዞሩ ቀለል ብሎለታል፤ በእግሩ ሲሄድ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ደህና ነው። ብስክሌት ላይ ሲወጣ ግን መሬቱ ወደ አንድ ወገን ያዘነብልበታል። ይህ ባሌ ደግሞ ከእግሩ ይልቅ በጎማ የኖረ ሰው ነው። ለውኃ መሥሪያ ቤቱ የግድቦችን ከፍታ ሲለካ ዕድሜውን ሙሉ በብስክሌት አውራጃችንን ፍሪስላንድን ሲያካልል ነው የኖረው። የጰራቅሊጦስ ሰኞ መንደሩ በሙሉ ሐይቁን በብስክሌት ሲዞር፣ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከፊት የሚሄደው እሱ ነው። እኔ በአውቶቡስ እቀድምና መሻገሪያ ጀልባው ጋ የአትክልት ሾርባ ይዤ እጠብቃቸዋለሁ። ማታ እግሩን ሳፋ ውስጥ ነክሮ መንገዱን ይነግረኛል፤ ሽመላዋ ጎጆዋ ላይ መመለሷን፣ የማን በር ቀለም እንደተቀባ፣ የትኛው ድልድይ እንደታደሰ። ሐይቁን ከውኃው ወገን አሳምሬ አውቀዋለሁ። ከመንገዱ ወገን የማውቀው እሱ የነገረኝን ያህል ነው።

ብስክሌት አልወድም። መራመድ ለጤና ጥሩ ነው።

ፌብሩዋሪ 29፣ ሐሙስ

ስኔክ ከተማ ወዳለው ሐኪም ሄደ። የሂልቼ ባል ዎበ በመኪናው ወሰደው። እኔም ልምጣ ስለው «ለአንድ ጆሮ ስንት ሰው ይሄዳል?» ብሎ አስቀረኝ።

ሲመለስ፣ «ምን አለህ?» አልኩት።

«ይሻልሃል አለኝ።»

«መቼ?»

«ሐኪም ነው እንጂ ጠንቋይ አይደለም።»

ከዚያ ወደ ጓሮው መጋዘን ገባና እስከ እራት አልወጣም።

ማርች 5፣ ማክሰኞ

መጋዝ ሲንጫረር ዋለ። ሁለት አሮጌ ብስክሌቶችን ከመሐላቸው ቆርጧቸዋል። «ምን ልትሠራ ነው?» አልኩት። «ብስክሌት።» «ቅድምስ ብስክሌት አልነበሩም እንዴ?» «ነበሩ። አሁን ሁለቱ አንድ ይሆናሉ፣ እንደ እኔና አንቺ።»

ያፏጫል። የታመመ ሰው ሲያፏጭ ደስ ይላልም፣ ያስፈራልም።

ማርች 9፣ ቅዳሜ

የወጥ ቤቱ ወንበር ላይ አስቀምጦ በሜትር ለካኝ። ከዳሌዬ እስከ ተረከዜ፣ ከመቀመጫዬ እስከ ትከሻዬ። «ለምንህ ነው?» ስለው «ለወንበሮቹ ትራስ ላሰፋላቸው ነው» አለ። ለትራስ ተረከዝ ምን ያደርጋል? ወተቱ ሊገነፍል ስለነበር አልተከራከርኩም።

ማርች 16፣ ቅዳሜ

ተናድጄ ነው የምጽፈው። ሰገነት ላይ ያስቀመጥኩትን የአባቴን ጀልባ ሸራ ሳይጠይቀኝ አውርዶ፣ ለዚያ ጉደኛ ብስክሌት መቀመጫ ቆርጦታል።

ያ ሸራ የጭነት ጀልባችንን ሆድ ይሸፍን የነበረው አረንጓዴው ሸራ ነው። የሬንጅ ሽታው እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። የተወለድኩት ከሥሩ፣ በሁለት ከተሞች መሐል፣ ቦይ ላይ ነው። እናቴ የትኛው ከተማ ላስመዝግባት ብላ ተቸግራ ነበር። የጀልባ ልጆች መዋኘት እናውቃለን፣ ገመድ መቋጠር እናውቃለን፣ ጠባብ ሰሌዳ ላይ ባልዲ ይዘን መሮጥ እናውቃለን። ብስክሌት የሚነዳበት ቦታ ግን ጀልባ ላይ የለም። በዚህ አገር ብስክሌት አልችልም ማለት ደግሞ ማንኪያ መያዝ አልችልም እንደማለት ስለሆነ፣ አልወድም ይባላል። ሮመርት ባገባኝ ዓመት ሊያስተምረኝ ሞክሮ ነበር፤ ቦይ ውስጥ ገባሁ። ለሁለት ሰው በተሠራ ብስክሌት ከኋላው ጫነኝ፤ እሱ ወደ ግራ ሲያዘነብል እኔ ወደ ቀኝ አዘነበልኩ፣ ሁለታችንም ቦይ ውስጥ ገባን። ከዚያ በኋላ ነገሩ አልተነሣም። እኔም አላነሣሁትም።

ስለ ሸራው ከጮህኩበት በኋላ፣ እንደ ይቅርታ ይሁንለት ብሎ መጋዘን አስገብቶ አሳየኝ። ያየሁት ነገር ብስክሌት አይመስልም። ዝቅ ያለ ነው፤ ሰውየው ጀርባውን ጣል አድርጎ ይቀመጣል፣ እግሩን ወደ ፊት ይዘረጋል። ፔዳሉ ያለው ከፊተኛው ጎማ ጋር ነው፤ መቀመጫው ከኋለኛው ጋር። ሁለቱን የሚያገናኛቸው፣ ልክ ከመቀመጫው ሥር፣ እንደ በር ማጠፊያ ያለ ነገር ነው።

«መሪውስ?» አልኩ።

«የለውም።»

«ታዲያ በምን ይዞራል?»

«በዳሌሽ። በግራ እግርሽ ስትገፊ ፊቱ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ በቀኝ ስትገፊ ወደ ግራ። ዳሌሽ እየተከተለ ያስተካክለዋል።»

«እጅ ምን ይሠራል?»

«ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ከወንበሩ ጎን ፍሬን አለልሽ፣ በቃ።»

ዝቅ ያለው ብወድቅም ከአልጋ የመውደቅ ያህል እንዲሆን ነው አለኝ። የተናደድኩ መሆኔን ረስቼ ብዙ ጠየቅሁ። ሸራው መቀመጫ ላይ ተወጥሮ ሳየው ግን ጥዬው ወጣሁ።

ማርች 23፣ ቅዳሜ

ጉድ ፈላ። ብስክሌቱ ዛሬ መንገድ ወጣ፣ መንደሩም ሊያይ ወጣ።

መጀመሪያ ሮመርት ራሱ ሞከረው። ያ የግድብ ከፍታ በጣት ልክ ሲለካ የኖረ ሰው ልኩን ስቷል፤ ረጅም እግሩ አልበቃ ብሎት ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም አልቀረውም። አንድ ጊዜ ረገጠና በግራ ጎኑ ተኛ። እንደገና ሞከረ፣ እንደገና በግራው ተኛ። ዎበ፣ «ይሄ ብስክሌት ሳይሆን የታጠፈ አልጋ ነው፤ ብርድ ልብስ አምጡለት» አለ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ሮመርትም፣ «አንተ ተኛበት እንግዲህ» ብሎ ሰጠው።

ዎበ ቀጥታ ቦይ ውስጥ ገባ። ከእሱ በኋላ ዳቦ ጋጋሪው፣ ቄሱ፣ የቄሱ ሚስት፣ ሁሉም ሞከሩ። ሁሉም ያደረጉት አንድ ነው። ፊቱ ትንሽ ዘወር ሲልባቸው እጃቸው ብድግ ብሎ የሌለ መሪ አየር ላይ ይጨብጣል፤ እግራቸው ይገተራል፤ ከዚያ ዘጭ። ሮመርት እየሳቀ አስረዳቸው። ብስክሌት ላይ ስንሆን ሚዛን የምንጠብቅ ይመስለናል እንጂ፣ የሚጠብቀው እጃችን ነው፤ ወደምንወድቅበት ወገን ሳናውቀው መሪውን ጠምዘዝ ያደርግና ጎማውን ከሥራችን ያመጣዋል። ይሄኛው ላይ ያንን ሥራ ለዳሌ መተው ያስፈልጋል። የዚህ መንደር ሰው ደግሞ ጡት ሳይጥል ብስክሌት ላይ የወጣ ስለሆነ እጁን ዝም ማሰኘት አይችልም።

ከሁሉም አብልጦ የሳቀው እሱ ነው። ልኩን የሳተ፣ ሁለት ጊዜ የወደቀ፣ በሽተኛ ሰው። ለምን ደስ እንዳለው አልገባኝም።

«ባውክዬ፣ አንቺስ አትሞክሪውም?» አለችኝ ሂልቼ።

«ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» ብያት ገባሁ።

ማርች 29፣ ዓርብ

ማዘጋጃ ቤት ደወልኩ። ለአካል ደካሞች የሚሰጡት ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት አለ። አይወድቅም። ትሑት ሰው በስልክ ጠየቀኝ፦ «ባለቤትዎ ራሳቸው ፈቅደዋል?» «አዎ» አልኩ።

አልነገርኩትም። እዚህ መንደር ባለ ሦስት ጎማ ላይ የወጣ ሰው ቀጥሎ የሚወጣው የአረጋውያን ቤት አልጋ ላይ ነው ይባላል። ግን እስከ ጰራቅሊጦስ ካልዳነስ? መስኮት ዳር ተቀምጦ ፊሽካ ሲሰማ ላየው አልፈልግም።

ኤፕሪል 8፣ የፋሲካ ማግስት

ልጃችን ያንካ ከግሮኒንገን መጣች። እንቁላል በላን፣ ሳቅን። አባቷ በብስክሌቱ እንዴት እንደወደቀ ተነሥቶ አሳያት፤ ሲያሳያትም ሊወድቅ ነበር።

ኤፕሪል 11፣ ሐሙስ

ሮመርት ለጆሮው እንቅስቃሴ ሊያሠሩት ስኔክ ሄዷል። ያ ነገር የመጋዘኑን በር ዘግቶብኝ ነበር፤ ድንች ላወጣ ፈልጌ ገፋሁት። ሲገፋ ከመሐሉ እየታጠፈ አስቸገረኝ። ችግሩ ምን እንደሆነ ለማየት ብቻ ተቀመጥኩበት።

ሸራው ጀርባዬን ያዘው። ሽታው ራሱ ነው፣ የአባቴ ጀልባ።

እግሬን ፔዳሉ ላይ ሳሳርፍ ፊቱ ወደ ግራ ሸሸ። ያን ሁሉ ሰው የጣለው እዚህ ላይ ነው። የእኔ እጅ ግን የብስክሌት መሪ የሚባል ነገር ለምዶ ስለማያውቅ ጭኔ ላይ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ዳሌዬ ራሱ ተነሥቶ መለሰው። እኔ ያዘዝኩት ነገር የለም።

ከስንት ዓመት በኋላ ነው ያስታወስኩት። ልጅ ሆኜ አባቴ ቡናውን ሊጠጣ ሲወርድ ጀልባውን ለእኔ ይተውልኝ ነበር። የመሪው እንጨት ከእኔ ይረዝማል፤ በእጅ አይቻልም፣ በዳሌ ተደግፈሽው ትቆሚያለሽ። ወደ ቀኝ ስትገፊው ጀልባው ወደ ግራ ይሄዳል። መልስ ለመስጠት ይዘገያል፤ ካልታገሥሽና አብዝተሽ ከገፋሽ ዳር ያለው ሸምበቆ ውስጥ ትገቢያለሽ። እጄ ስለማያስፈልግ ድንች እልጥ ነበር። ውኃ ላይ ያደገ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ የሚንቀሳቀስን ነገር ግትር ብለሽ አትይዢውም፣ ለቀቅ አድርገሽ አብረሽው ትሄጃለሽ።

ከመጋዘኑ በር እስከ ፖም ዛፉ ሄድኩ። ከዚያ ሄድኩ እኮ ብዬ ሳስብ ወደቅሁ።

ለሮመርት አልነግረውም። እሱ ያቃተውን ነገር፣ ታሞ ሳለ፣ እኔ ፊቱ ላይ ስሄድበት? እንዲህ ዓይነት ሚስት አይደለሁም። ሁለተኛም አልሞክረውም።

ኤፕሪል 15፣ ሰኞ

ጠዋት የበግ ግልገሎች ለማየት ወጣሁ። ቆንጆዎች ናቸው።

ኤፕሪል 18፣ ሐሙስ

ግልገሎቹን አየሁ። ክርኔ ተላጠ።

ኤፕሪል 20፣ ቅዳሜ

ግልገሎች። ከግድቡ ሥር እስከ ፓምፑ ቤት ድረስ ያሉትን ሁሉ አየሁ፤ መታጠፊያው ላይም አልወደቅሁም። ቁልቁል አትዪ፣ ሩቅ እዪ። ጎማውን ያየሽ ዕለት አለቀልሽ።

ሂልቼ፣ «ሰሞኑን በግ ወደድሽ» አለችኝ። ክርኔን እያየች ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ኤፕሪል 23፣ ማክሰኞ

ባለ ሦስት ጎማው መጣ። በትንሽ መኪና ቢሆን ምን ነበር፤ የማዘጋጃ ቤቱ ምልክት በተጻፈበት ትልቅ መኪና፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መንደሩ ሁሉ ደጁን ሲጠርግ። ግራጫ ነው። ከኋላ ቅርጫት አለው።

ሹፌሩ ሮመርትን፣ «እርስዎ ነዎት የጠየቁት?» አለው።

ሮመርት ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። «አዎ፣ እኔ ነኝ» አለና ፈረመ። ሰው ፊት አላዋረደኝም። ከፈረመ በኋላ ግን ብስክሌቱን እየገፋ ከመጋዘኑ ጀርባ ወስዶ አሮጌ ላስቲክ አለበሰው፤ እንደ ሬሳ።

«እንዳትወድቅ ብዬ ነው» አልኩት።

«መውደቅ አልፈራሁም» አለ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም።

ኤፕሪል 25፣ ሐሙስ

አሁንም ዝም። ጨው እንኳ አላለኝም፤ ተነሥቶ ራሱ አመጣ። ጥፋቱ የእኔ ነው። እሱን እንደ ልጅ ቆጥሬ ከጀርባው ወሰንኩ። ደግሞ ጠዋት ጠዋት በእሱ ብስክሌት እየበረርኩ። ይህ ያሳፍራል። ግልገሎቹን ተውኳቸው።

ኤፕሪል 30፣ የንግሥት ቀን

ልጆች ለበዓሉ በሚዘረጉት የአሮጌ ዕቃ ገበያ መሐል ሂልቼ ብርቱካናማ ኬክ እየበላች፣ «እኔኮ የሚገርመኝ የሮመርት ቻይነት ነው» አለችኝ። «ዎበ ቢሆን አልጋ ይዞ ያለቅስ ነበር።»

«ምኑን ነው የቻለው?»

«ሐኪሙ ቁርጡን ነግሮት የለ! የዚያ ጆሮ ሚዛን ሞቷል፣ አይመለስም፣ ሁለት ጎማ ላይ ሁለተኛ አትወጣም ብሎት። ያኔ በፌብሩዋሪ። ዎበ አብሮት ነበር።» ከዚያ ፊቴን አየችና ኬኩን አስቀመጠች። «አታውቂም ነበር?»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት ለእኔ ነው።

ቤት መጥቼ ወጥ ቤት ተቀመጥኩ። በፌብሩዋሪ ያውቅ ነበር። መጋዙን ያነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ታዲያ ያንን ባለ ሁለት ጎማ ለማን ነው የሠራው?

ሜይ 2፣ ሐሙስ

ትናንት ስኔክ በሄደ ጊዜ መጋዘን ገባሁ። ተቀመጥኩበት። እግሬን ስዘረጋ ፔዳሉ ልኬ ነው። ፍሬኑ ለትልቅ እጅ አይሆንም፣ ለእኔ ይሆናል። ካቴናው ላይ ከግልገሎቹ ሜዳ ያመጣሁት ጭቃ ተጠርጎ ዘይት ተቀብቷል፤ እኔ አልቀባሁትም። ሮመርት በሕይወቱ ልክ ስቶ አያውቅም።

የድንች ሳጥን ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ደስታ ነው ብዬ ብጽፍ ውሸት አይሆንም። ሐዘንም ነው።

ማታ ወንበሩ አጠገብ ሄጄ፣ «ለትራስ ነው ያልከኝ» አልኩት።

ጋዜጣውን አላወረደም። «ትራስ አለው እኮ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ትወጪበት ነበር?»

አልወጣም ነበር።

ጋዜጣውን አጠፈ። «በየዓመቱ መሻገሪያው ላይ ሾርባ ስትቀጂልን ዓይንሽ መንገዱ ላይ ነው። አንዴ የዎበ እጅ ላይ ቀድተሻል። ሰላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለች ሴት ብስክሌት አልወድም ስትል ሰማሁ። እኔ ጤነኛ እያለሁ ራሴ ስለምሄድ አላሰብኩትም። መሄድ ሲቀርብኝ ነው መቅረት ምን እንደሚመስል የገባኝ።»

«የግልገሎቹን ነገርስ ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅኸው?» አልኩ።

«ከግልገሎቹም በፊት። ፖም ዛፉ ሥር የተኛሽበት ሣር አልተነሣም ነበር።»

ሁለታችንም ሳቅን። ብዙ ጊዜ ሆኖን ነበር።

ሜይ 5፣ እሑድ

«የጰራቅሊጦስ ሰኞ ትሄጃለሽ» አለኝ።

«አንተ ከሄድክ።»

«አንድ ቤት አንድ ብስክሌተኛ ይበቃዋል።»

«ለእኔ አይበቃኝም። መንገዱን አላውቀውም። ተጋድሜ እየሄድኩ አንገቴን አዙሬ ከኋላ መኪና መምጣቱን እንዴት አያለሁ? ማን ይነግረኛል? ዎበ?»

ወደ ጓሮው አየ። «በዚያ ጋሪ?»

«በዚያ ጋሪ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«እኔን አይቶ ሲጨርስ አንተን ለማየት ጊዜ አይኖረውም።»

ብዙ አልገፋሁትም፤ አብዝተው ከገፉ ሸምበቆ ውስጥ ነው።

ሜይ 12፣ እሑድ

የባለ ሦስት ጎማው ላስቲክ ተገፏል። ግራጫው ቀለም የለም፤ አረንጓዴ ቀብቶታል። ከአባቴ ሸራ የተረፈችዋንም ቁራጭ መቀመጫው ላይ ሰፍቷታል።

አልጠየቅሁትም፣ አልነገረኝም። ግን ዛሬ ሁለት ጊዜ ጨው አቀብዪኝ አለ።

ሜይ 20፣ ሰኞ

ፊሽካውን ከምስማሩ አውርዶ በሳሙና አጠበውና ለዎበ ሰጠው። «ምራቄን አጥቤልሃለሁ፤ ዕውቀቱ ግን አብሮ ሄዷል» አለው። ዎበ ጫማውን አየ። ምስማሩ ባዶውን ቀርቷል። ባርኔጣዬን ሰቀልኩበት።

እፈራለሁ። ሰው ፊት ብወድቅ እሱ የወደቀ ያህል ነው የሚሰማው። የሰሞኑ ነፋስም አላማረኝም።

ሜይ 27፣ የጰራቅሊጦስ ሰኞ

ወደቅሁ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ፣ ዎበ ፊሽካ እንደነፋ፣ ሁሉም እያየ። ስለደነገጥኩ እግሬ ተገትሮ ነው። ሂልቼ ጮኸች። ሮመርት ከኋላዬ፣ አረንጓዴው ጋሪው ላይ ተኮፍሶ፣ በተለመደ ድምፁ፣ «ሸምበቆ ውስጥ ገባሽ። አውጪውና ቀጥዪ» አለኝ። አወጣሁትና ቀጠልኩ።

መጀመሪያ ላይ ከኋላዬ ሆኖ እየነገረኝ ሄድን። «መኪና።» «ወደ ቀኝ ታጠፊ፤ ድንጋዩ ይነቀንቃል።» «ባውክዬ፣ ትከሻሽን ጣዪው።» ከወፍጮው በኋላ መናገር ተወ። መናገሩን መተዉን እንኳ ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

ከሐይቁ ራስ ዞረን ስንመለስ ነፋሱ ፊት ለፊት መጣ። ቀጥ ብሎ የተቀመጠው መንደር ሁሉ ጎበጠ፣ ዘገየ፣ መሳደብ ጀመረ። እኔ ከነፋሱ ሥር ተጋድሜያለሁ፤ ከላዬ ያልፋል። ዳቦ ጋጋሪውን አለፍኩ፣ ቄሱን አለፍኩ። ስለራበኝ በሁለት እጄ ጥቁር ዳቦና አይብ እየበላሁ ዎበን አለፍኩት። ፊሽካውን ነፋብኝ። «ፊት ከሚሄደው ማለፍ ክልክል ነው!»

«ፍሬኑ የት እንደሆነ ጠፋኝ» አልኩት። አልጠፋኝም ነበር።

ከዚያ ብቻዬን ነበርኩ። መንገዱ፣ ግድቡ፣ ከግድቡ ማዶ ያ የማውቀው ውኃ። በልጅነቴ ከዚያ ሆኜ በዚህ መንገድ የሚሄዱትን አያቸው ነበር፤ ጭንቅላታቸው ብቻ ከግድቡ በላይ ሲንሸራተት። ዛሬ የእኔ ጭንቅላት እንኳ አይታይም፣ ዝቅ ብያለሁ። እንደዚህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ይህን ለሮመርት ጭምር ነው የምጽፈው፣ ማንበቡ አይቀርምና።

ከሩቅ ኋላዬ፣ ነፋሱ እየቆራረጠው፣ «ባውክዬ! ቀስ በይ እንጂ! ጠብቂኝ!» የሚል ሰማሁ። እየሳቀ ነው።

መሻገሪያው ጋ ዘንድሮ ሾርባውን ይዛ የቆመችው ያንካ ናት። መንገዱን ስታይ ስለነበር ከሥሯ መድረሴን አላየችም። «እማ?» አለች፣ ከዚያ ጭልፋውን ይዛ ቀረች። ሾርባዬን ተቀብዬ ዳር ቆምኩ። እንደ ወትሮው ሮመርትን መሻገሪያው ላይ ጠበቅሁት። ዘንድሮ ግን በመንገዱ መጥቼ ነው።

አረንጓዴው ጋሪ ከመጨረሻዎቹ ጋር ደረሰ። ፊቱ ቀልቷል፣ ባርኔጣውን ነፋስ ወስዶበታል፣ ቅርጫቱ ውስጥ የሂልቼን ቦርሳ፣ የቄሱን ካፖርትና የደከመውን የዳቦ ጋጋሪውን ውሻ ጭኖ። «ይሄ ጋሪ ይጠቅማል» አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለያንካ።

ማታ አንድ ሳፋ ውኃ ውስጥ እግራችንን ነከርን። ሳፋው ለሁለት ሰው ጠባብ ነው፤ ተጋፋን። እንደ ልማዱ መንገዱን እስኪነግረኝ ጠበቅሁ።

«በዪ እንጂ» አለኝ።

«ምን ልበል?»

«መንገዱን ንገሪኝ።»

«አብረን አልነበርንም እንዴ?»

«እኔ ያየሁት ጀርባሽን ነው። ከነፋሱ በኋላ እሱንም አላየሁ።»

ነገርኩት። ሽመላዋ ሁለት ጫጩቶች እንዳሏት፣ የወፍጮው ቤት በር ሰማያዊ መሆኑን፣ ግድቡ ላይ ስወጣ ውኃው ከመንገዱ ወገን ምን እንደሚመስል። ድልድዮቹን ከወዲያ ወዲህ ቀላቀልኳቸው፤ የታደሰውን ካልታደሰው አስቀደምኩ። ሳወራም ታውቆኛል፣ ተሳስቻለሁ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ልክ ሲያርም የኖረው ባሌ አላረመኝም። ውኃው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ።